ወጌሻው ያልነካው ክንድ

ጋሽ ዓለሙን የማያውቅ የሐረር ሰው ካለ፣ ያ ሰው አጥንቱ ወልቆ አያውቅም ማለት ነው። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ የገበያተኛ አህዮች ከሚታሰሩበት ሜዳ ጥግ፣ ኮርቻና መጫኛ የሚጠግኑባት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ኮርቻው ግን ለስም ነው። በራቸው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ኮርቻ የያዘ ሳይሆን፣ እጁን በሻሽ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ የሚያነክስ ነበር። ከሶፊ ከአህያ ላይ የወደቀ ገበሬ ይመጣል፤ በግንብ ከታጠረው ጀጎል ውስጥ ደረጃ ያዳለጣቸው አሮጊት ይመጣሉ፤ አለቃው እንዳያውቅበት ተደብቆ ወታደር ይመጣል። ሁሉንም አንዲቱ በርጩማ ላይ አስቀምጠው «ወዲያ ተመልከት» ይላሉ፤ ሰውየው ወዲያ ሲመለከት ቀጭ ያደርጉታል።

ወጌሻነቱን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባትየው ከመንዝ መጥተው ሐረር ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ልጃቸውን ሲያስተምሩ ገንቦ በድንጋይ ሰብረው፣ ስባሪውን ጆንያ ውስጥ ከተው «ሳታይ ግጠመው» ይሏቸው ነበር አሉ። ጋሽ ዓለሙ በልጅነታቸው ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ጆንያ ውስጥ ከተው ስባሪ ከስባሪ ሲያገናኙ ይውላሉ። በዚህ የተነሳ ካደጉም በኋላ ከዓይናቸው ይልቅ የሚያምኑት ጣታቸውን ነበር። ሲጨብጧችሁ ሰላምታ ይሁን ምርመራ አይለይም። ደግ ሰው ነበሩ፤ ቃላቸው ትንሽ፣ ጸባያቸው ለስላሳ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ ያበጠ፣ የቀላ ወይም የሚያቃጥል ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም።

ጣሊያን ወጥቶ አገሩ ሲረጋጋ ሐረር ውስጥ የእግር ኳስ ቡድን በየሰፈሩ ፈላ። የእኛም የሸዋ በር ቡድን ያን ጊዜ ነው የተቋቋመው፤ ጋሽ ዓለሙም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወጌሻው ሆኑ። እኔ የገባሁት ብዙ ቆይቶ ነው። ሳህሉ እባላለሁ፤ ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። ተጠባባቂ በረኛ ማለት ቡድኑ ሲሸነፍ አብሮ የሚሰደብ፣ ሲያሸንፍ ፎቶግራፉ ላይ ግማሽ ፊቱ የሚቆረጥ ሰው ነው። ቅሬታ የለኝም። ሜዳው ዳር ስቀመጥ አጠገቤ የሚቀመጡት ጋሽ ዓለሙ ስለነበሩ፣ እሳቸውን የእኔን ያህል ያወቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቡድናችንን ቡድን ያሰኘው ያዕቁብ ነው። በኤረር በር በኩል፣ ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አጥቂ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ሲጫወት የባቡር ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ጥለው ይመጡ ነበር። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ እናቱ ወይዘሮ ሐዲያ ጋሽ ዓለሙ ዘንድ አምጥተውት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው እግሩን ነክቶት አያውቅም። ጋሽ ዓለሙ ልጅ አልነበራቸውም። እኛን ያሹን ነበር፤ ያዕቁብን ግን ይሳሱለት ነበር። እኔ ጣቴ ዞሮ ብመጣ «ደህና ነው፣ ውሃ ንከረው» ይሉኛል። ያዕቁብ ካስነጠሰ የሰሊጥ ዘይት ይሞቃል።

ነገሩ የሆነው በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ነው፤ ኮሌራ ገባ ተብሎ አገር የተሸበረበት፣ ፈንጣጣውም ከየገጠሩ የሚሰማበት ዓመት። ከጅቡቲ አንድ ቡድን ጋበዘን፤ ሁለት ጨዋታ፣ አንዱ በአንድ እሑድ፣ ሌላው በተከታዩ እሑድ። እኛ እንደ ልጅ ፈነደቅን። የፈረንሳዮቹ ድንበር ግን በዚያ ሰሞን ጠብቆ ነበር። የፈንጣጣ ክትባት ያልወሰደ ሰው አያልፍም። የክትባቱ ቢጫ ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ካርድ በልመናም በዝምድናም ይገኛል ተብሎ ስለሚጠረጠር፣ ክንድ ራሱ ተገልጦ ይታያል። ክትባቱ የያዘ ሰው ክንዱ ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ይመግላል፣ ቅርፊት ያወጣል። ያ ምልክት ከሌለ መመለስ ነው።

ወይዘሮ ሐዲያ ግብዣውን የሰሙ ዕለት ጋሽ ዓለሙ በር ላይ መጡ። እኔም እዚያ ነበርኩ። ባላቸው አው በድሪ፣ የጀጎል ሰዎች ለአባትና ለሽማግሌ «አው» እንደሚሉት፣ ያዕቁብ ትንሽ ልጅ ሳለ ጅቡቲ ወርደው ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተው ቀርተዋል። ልጃቸው ንግዱን ትቶ ኳስ እንደያዘ ሲሰሙ ተቆጥተው መልእክት መላክ አቁመው ነበር። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ብርሃንና ጥላ ከመለየት ብዙም አያልፉም። ከጅቡቲ የተመለሰ አንድ ነጋዴ «ሳይጨልምብኝ ኳሱን ሲመታ ልየው» አሉ ብሎ ነግሯቸዋል። ወይዘሮ ሐዲያ ይህን እያወሩ አላለቀሱም፤ ሲጨርሱ ግን የጋሽ ዓለሙን እጅ ያዙ።

«ልጄን ለአባቱ አሳዩልኝ። አማና ሰጥቼዎታለሁ» አሉ።

አማና አደራ ነው፤ አማና ከተባለ በኋላ ሐረር ውስጥ ቀልድ የለም። ጋሽ ዓለሙ እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወይዘሮዋ ከሄዱ በኋላም ሲጠግኑት የነበረውን ኮርቻ ሲሰፉና መልሰው ሲፈቱ ዋሉ።

የክትባቱ ቀን ቡድኑ በሙሉ ጤና ጣቢያ ሄደን ተሰለፍን። ጫፏ እንደ ሹካ በተሰነጠቀች መርፌ ግራ ክንዳችንን ጠቅ ጠቅ አደረጉን። ጋሽ ዓለሙም ከእኛ ጋር ስለሚሄዱ ተከተቡ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ያዕቁብ «ጋሼ፣ ክንዴን ያቃጥለኛል» አለ። ይህቺን ቃል እኔ ብናገራት ኖሮ «ቻለው» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ግን ሎሚ ቆርጠው፣ ጨው ነስንሰው፣ የተወጋበትን ቦታ አሹለት፤ በላዩ ላይ ትኩስ ጨርቅ አሰሩበት። በማግስቱም ደገሙት። የወለቀ አጥንት በጊዜ ካልተመለሰ እንደሚበላሽ፣ እብጠትም በጊዜ ካልተያዘ ይበላሻል ባይ ናቸው። ሐኪሙ ምን እንዲሆን ፈልጎ እንደወጋን መጠየቁ ትዝም አላላቸው።

የሌሎቻችን ክንድ እንደ ዳቦ ተነፋ። እኔ ሸሚዝ መልበስ አቅቶኝ ለሁለት ቀን በአንድ እጄ ስለብስና ሳወልቅ ሰነበትኩ። የያዕቁብ ክንድ ግን ልስልስ ያለ፣ ምንም ያልነካው ነው። ጋሽ ዓለሙ በሕይወታቸው ጉራ ሲነዙ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከድሬዳዋ ባቡር ላይ ተሳፍረን ስንሄድ የያዕቁብን እጅጌ ጠቅልለው ለተሳፋሪው ሁሉ አሳዩ። «እዩልኝ፤ ይሄ የእጅ ሥራ ነው። እነዚህ እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ እሱ ሌሊቱን ተኝቶ አደረ» ይላሉ። እኛም በቅናት ክንዳችንን አቅፈን ተጓዝን።

ደወሌ ድንበር ላይ ያለች ጣቢያ ናት። ሙቀቱ ከሐረር ለወረደ ሰው አያድርስ ነው። ባቡሩ ቆመና ተሳፋሪው ሁሉ ውረድ ተባለ። ከጠረጴዛው በስተጀርባ የተቀመጠው የጤና ሠራተኛ ዑመር የሚባል፣ አማርኛ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ፊቱን ፈንጣጣ የበላው ሰው ነው። እኔ ክንዴን ሳሳየው ቁስሌን ተጭኖ «ሸጋ ነው» አለ። በሕይወቴ ክንዴን ሸጋ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ያዕቁብ ሲቀርብ ዑመር ብድግ ብሎ ጨበጠው። ድሬዳዋ ላይ ያገባትን ጎል አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳየ ነገረው። ከዚያ «እስቲ ክንድህን» አለ። ግራውን አየ። ቀኙን አየ። መልሶ ግራውን ወደ ብርሃን አዞረና በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ይሄ ክትባት አልያዘም። አያልፍም» አለ።

የቡድናችን ሊቀ መንበር አቶ አሰፋ በዚያ ሙቀት የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ይህን ሲያደርጉ ጠብ እንደሚመጣ እናውቃለን። ካርዱ ላይ ማኅተም አለ አሉ። ዑመር ካርዱን አምኛለሁ፣ ክንዱን ነው ያላመንኩት አለ። አቶ አሰፋ ይህ ተራ መንገደኛ ሳይሆን ያዕቁብ መሆኑን፣ የጅቡቲ ሕዝብ በሙሉ የሚጠብቀው እሱን መሆኑን አስረዱ። ዑመር እኔም እየጠበቅኩት ነበር ብሎ መለሰ። ከጅቡቲ የጋበዘን ቡድን ሰዎች ለጣቢያው አለቃ ስልክ ደወሉ፤ አለቃውም መጥቶ «ለአንድ ሰው ብለህ» አለው። ዑመር ከወንበሩ ተነስቶ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አለቃውን ተቀመጥበት አለው። አለቃው አልተቀመጠም። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ መነታረክ ጀመረ፤ ግማሹ እንዲህ ያለ ልጅ ድንበር ላይ አይያዝም ይላል፤ ግማሹ ባቡሩ እንዲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከውሃ ታንከሩ ጥላ ስር አንዲት ሴት በዕቃ ጥቅሏ ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታዳምጣለች። ሙና ትባላለች፤ የጀጎል ስፌት ወደ ጅቡቲ እያወረደች የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ጠዋት በሌላ ባቡር መጥታ ክንዷ ስላላማረ ተይዛ የቀረች ናት። አሁን ተነሳችና ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«እሱ በእግሩ ስለሚለጋ ካለፈ፣ እኔም ይህን ሁሉ በራሴ ተሸክሜ ነው የመጣሁት። ወላሂ አብረን ነው የምናልፈው» አለች።

ሰዉ ሳቀ። ያዕቁብ አልሳቀም። ወደ ባቡሩ ወጥቶ ሻንጣውን ይዞ ወረደና ከሙና ጥቅል አጠገብ አስቀመጠው። አቶ አሰፋ ምን ማድረግህ ነው ሲሉት፣ አባቱን ሊያይ እንደመጣ፣ እሷን አስቀርቶ አልፎ ግን ለአባቱ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው እንደማያውቅ ተናገረ። አቶ አሰፋ የኮታቸውን ቁልፍ መልሰው ፈቱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ዓለሙ የያዕቁብን ክንድ ከሩቅ ይመለከታሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀስ ብለው ሰዉን አልፈው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

«ልጁ ተከትቧል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሎሚ አሸሁት» አሉ።

ሙና አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ እሷም ክትባቷን በሎሚ አጥባው ኖሯል። ዑመር ሁለቱን አፈራርቆ አያቸውና ሳይቆጣ፣ በደከመ ድምፅ፣ ቀን የሚከትበውን ክንድ ሁሉ ማታ ሎሚ እያጠበ እንደሚያበላሽበት ነገራቸው። ሎሚውን እንጂ እሳቸውን አልተራገመም። ከዚያ የሚሆነውን ተናገረ፤ ሁለቱንም እንደገና ይከትባል፤ እዚህ ይጠብቃሉ፤ ክትባቱ ከያዘ ያልፋሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ ያመልጣል፤ ለሁለተኛው ግን ሊደርስ ይችላል። ካልያዘ ግን ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ቡድኑ ተሳፈረ። ጋሽ ዓለሙ እቀራለሁ አሉ። የእሳቸው ክንድ እኮ ደህና አድርጎ መግሏል፤ ማለፍ ይችሉ ነበር። ራሳቸውን ማከም ትዝ ብሏቸው ስለማያውቅ ክትባቱ እንደልቡ አብጦባቸዋል። ከዚያ ሁሉ ሰው ክንድ መሀል ያከሙት የሚሳሱለትን ብቻ ነበር፤ እሱም ነው የቀረው። ይህን ሳስብ እኔን ባለማከማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኳቸው፤ ወዲያው ግን አሳዘኑኝ። አቶ አሰፋ ሽማግሌውንና ልጁን ብቻቸውን አንተዋቸውም ብለው ዙሪያውን ተመለከቱና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «ሳህሉ፣ አንተ ቅር» አሉ። ያለ እኔ መጫወት እንደሚቻል በዚህ ፍጥነት መወሰኑ ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል፤ ግን ቀረሁ።

የባቡር ሠራተኞቹ ምንጣፍ ያለበት አንድ ክፍል ሰጡን፤ ሙና በጓሮ በኩል ካለችው አንዲት የሠራተኛ ሚስት ጋር አደረች። ዑመር ጠዋት ጠዋት እየመጣ ክንዳቸውን ያያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። ጋሽ ዓለሙ እህል አልወርድ አላቸው። ሎሚው ደሙ ውስጥ ገብቶ ክትባቱን እየገደለው እንደሆነ እርግጠኛ ሆነዋል። ዑመር ሎሚ ደም ውስጥ አይገባም ቢላቸውም አልሰሙትም። «አማና ተቀብዬ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ለቅዱስ ሚካኤል ስለት ተሳሉ። ሙናም በበኩሏ ዱዓ ታደርጋለች፤ ስትጨርስ «ለእርስዎም ጨምሬያለሁ» ትላቸዋለች።

እጃቸው ግን ሥራ ፈት አልሆነም። የጣቢያውን ውሃ የምታመጣዋን አህያ ኮርቻ ፈትተው ሰፉ። የሐዲድ ጠባቂውን ትከሻ መለሱለት። የሚጠገን ሲጠፋ የእኔን ደህና እግር ይዘው አሹት፤ በማግስቱ አነከስኩ። ያዕቁብ አጠገብ ሲቀመጡ ግን ጣቶቻቸው ሳያስቡት ወደ ግራ ክንዱ ይሄዳሉ። ሙና ይህን አየችና አንድ ቀን ሻሿን አውልቃ ሁለቱን እጃቸውን እያሳቀች አሰረቻቸው። እሳቸው ግን ቁም ነገር አድርገው እስከ ማታ ሳይፈቱት ዋሉ። ምሳቸውን እኔ አጎረስኳቸው።

ከጅቡቲ የሚመለሰው ባቡር ሁለት ወሬ አመጣ። አንደኛው፣ እሑድ ሦስት ለዜሮ ተሸንፈናል። ይህ ብዙም አልከበደን። ሁለተኛውን የነገረን ትኬት ተቆጣጣሪው ነው፤ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ከሐረር በኩል ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ ወጥተው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ በዘንጋቸው እየዳሰሱ ይመለሳሉ አለ። ያዕቁብ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ጋሽ ዓለሙ ወደ ውጭ ወጡ።

በነጋታው ጠዋት በሙና ጩኸት ተነሳን። ክንዷ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ወጥታለች። እልል ልትል ነበር፤ ያዕቁብን አየችና ዋጠችው። የእሱ ክንድ ባዶ ነው። ዑመር መጥቶ አየውና አንዳንዱ ይዘገያል አለ፤ ሲናገር ግን ወደ ጋሽ ዓለሙ አልተመለከተም። ያ ቀን ከሁሉም የከፋው ነው። ጋሽ ዓለሙ ለወይዘሮ ሐዲያ የሚነግሯቸውን ቃል ሲለማመዱ ሰማሁ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ቀትር ላይ ያዕቁብ ክንዱን ማከክ ጀመረ። ሁላችንም በላዩ ላይ አጎነበስን። ትንሽዬ፣ መርፌ ራስ የምታህል ቅላት አለች። ትንኝ ይሆናል አልኩ፤ ጋሽ ዓለሙ በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። ሲመሽ ትንሽ ከፍ አለች። በማግስቱ ውሃ ቋጠረች። እኔ ሰው ብጉንጅ አወጣ ተብሎ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። የጣቢያው አለቃ ሳይቀር መጥቶ አየ። ጋሽ ዓለሙ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። እንጀራ ጠየቁ፤ ድርቆሽ ነበር የተገኘው፣ እሱንም እስኪያልቅ በሉ።

ፈተናው ግን ከዚህ በኋላ መጣ። ክትባቱ የያዘ ሰው ያተኩሰዋል፤ ብብቱም ስር ንፍፊት ይወጣበታል። ያዕቁብን እንደዚያ ያዘው። ክንዱ ከትከሻው እስከ ክርኑ ቀላ፤ ምንጣፉ ላይ እየተገላበጠ ያቃስታል። ወጌሻ ለሆነ ሰው ንፍፊት ሲያይ ዝም ማለት ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ሐረር ውስጥ ስንቱን ሰው ብብቱን አሽተው በአንድ ቀን አስነስተውታል። ያዕቁብም ይህን ያውቃል።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ። ክንዴን አይንኩ፣ ብብቴን ብቻ» አለ።

ጋሽ ዓለሙ እጅጌያቸውን ጠቅልለው አጎነበሱ። ያን ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ከመለሱለት ቀን ጀምሮ አመመኝ ብሎ እምቢ ብለውት አያውቁም። እኔም በልቤ ብብቱ ምን ይጎዳል እያልኩ ነበር። እሳቸው ግን ብድግ አሉ።

«እኔ የማውቀው አጥንት ነው። ይሄን አላውቀውም፤ ቻለው» አሉት።

ወጥተው በጠራራ ፀሐይ ሐዲዱ ላይ ተቀመጡ። ተከትያቸው ስወጣ ያለቅሱ ነበር። ወደ ክፍሉ እንዳይመለሱ እንድይዛቸው ለመኑኝ፤ ክንዳቸውን ይዤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከውስጥ የያዕቁብ ማቃሰት ይሰማል። ሙና ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከረች ግንባሩን ታጥበዋለች። እንዲያ እንዳለን ፀሐይዋ ወደ ድሬዳዋ በኩል ዘወር አለች።

ትኩሳቱ በማግስቱ ለቀቀው። ቅዳሜ ጠዋት ዑመር መጣ። የያዕቁብን ክንድ ያዘና መሀሏ ጎድጎድ ያለችውን፣ ዙሪያዋ የቀላውን ቁስል ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። ከኪሱ ማኅተሙን አውጥቶ ካርዱን መታ፤ የሙናንም መታ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዓለሙ ዞሮ እጁን ዘረጋላቸው፤ እሳቸውም ጨበጡት። በልማዳቸው የእጁን አጥንት ሲዳብሱ አየኋቸው፤ ዑመርም ሳይገባው አልቀረም፣ ፈገግ አለ። ባቡሩ ሲመጣ ሙና ጥቅሏን በራሷ አንስታ ከሁላችን ቀድማ ተሳፈረች።

ስለ ጨዋታው እዚሁ ልንገራችሁና ይለይለት። እሑድ አንድ ለአንድ ወጣን። ጎሏን ያገባት ያዕቁብ ነው፤ ክንዱን እንደ ታመመ ዶሮ ክንፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ ሮጦ ነው ያገባት። አባቱን መስመሩ ዳር፣ ከእኔ አጠገብ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠናቸው ነበር። ኳሱን አላዩም ይሆናል፤ ልጃቸው በፊታቸው ሲያልፍ ግን ጥላውን እየተከተሉ አንገታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ። እኔ አልተሰለፍኩም።

ከዚያ ሁሉ ግን ከልቤ የማይወጣው ቅዳሜ ማታ ጅቡቲ ጣቢያ የደረስንበት ሰዓት ነው። ሰዉ ወረደ፤ ግርግሩ ቀለለ። አው በድሪ ነጭ ሽርጥ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ዘንጋቸው ላይ ደርበው ቆመዋል። ያዕቁብ አያቸው፤ እግሩ ግን አልሄደለትም። በኳስ ሜዳ ማንም የማያቆመው ልጅ እዚያ ደርቆ ቀረ። ሙና ናት ከኋላ ገፋ ያደረገችው።

«አባ» አለ።

ሽማግሌው ዘንጋቸውን ጣሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው መጡ፤ አየሩን ዳሰሱ፣ ትከሻውን አገኙ፣ ያን ትከሻ እንደ ጨበጡ ጣቶቻቸው በግራ ክንዱ ላይ ወደ ታች ወረዱ።

«አይንኩት!» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

ጣቢያው ሁሉ ዞረ። እኚያ ድምፃቸው ከክፍላቸው ወጥቶ የማይሰማ ሰው እንዲያ ይጮሃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። አው በድሪ እጃቸውን ከእሳት እንደሚያወጣ ሰው ሳብ አደረጉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ልጄን እንዳልነካ ተከለከልኩ፣ ይቅር አላለኝም ብለው ያሰቡ መሰለኝ።

ጋሽ ዓለሙ ደንግጠው ቀረቡ። የሽማግሌውን ሁለት እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ስብራት ሲይዙ እንደሚይዙት ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሷቸውና የልጁ ፊት ላይ አኖሯቸው።

«ከዚህ ይጀምሩ። ግራ ክንዱን ብቻ ይተዉልኝ» አሉ።

ጣቶቹ በያዕቁብ ግንባር፣ በቅንድቡ፣ በእንባው ላይ ሄዱ። ጢሙ ላይ ሲደርሱ አው በድሪ ሳቁ፤ ሲለዩት ጢም የሌለው ልጅ ነበርና። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እንደገና ከግንባሩ ጀመሩ። ጋሽ ዓለሙ የወደቀውን ዘንግ አንስተው ብብታቸው ስር አደረጉት፤ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ እስኪጨርሱ ድረስ ቆመው ጠበቁ።